ከወረቀቱ ያልተነሳ ብዕር

እኔ አርፎ መቀመጥ አልችልበትም። መነጽር ቤት ስሠራ ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ስል ነው የምውለው፤ ቤት ስገባም እናቴ «እባክሽ አንድ ቦታ እረፊ፣ ራሴን አዞርሽው» ትለኛለች። ከሥራ በኋላ ሥዕል ለመማር የተመዘገብኩት ትንሽ ቢያረጋጋኝ ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰብኝ።

መምህራችን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቁጣ የሚቀናቸው ሰው ናቸው። እርሳስና ላጲስ ክፍላቸው አያስገቡም፤ ጥቁር ብዕር ብቻ። «የሠራችሁትን አታጠፉትም፤ ስለዚህ እያያችሁ ሥሩ» ይላሉ። እኔን «ችኩሏ» ብለው ሰየሙኝ። ፊት ለፊቴ ያስቀመጡት ደግሞ አንድ አናጢ ነበር፤ አንዳችን የሌላችንን ፊት እንድንስል።

አናጢው ሳይለካ አይጀምርም። እሱ አንድ ቅንድብ ሳይጨርስ እኔ ፊቱን በሙሉ አጥቁሬ ቁጭ።

«ከሰል አስመሰልሽኝ እኮ!» አለኝ ሥዕሉን አይቶ።

«ጥላ ነው።»

«ጥላውማ ገና ነው። መጀመሪያ ሳሳ አድርገሽ ወደ አንድ አቅጣጫ አስምሪ። ይድረቅ። ከዚያ በላዩ አቋርጠሽ ድገሚው። እየደጋገምሽ ስትሄጂ ይጨልማል።»

«እስኪደርቅስ ምን ልሥራ?»

«እኔን እያየሽ ጠብቂያ!»

ቀልድ ይሁን ምክር አልገባኝም፤ እሱ ወደ ወረቀቱ ተመልሷል። የእኔ ልብ ግን ድው ድው ይል ጀመር።

እንደነገረኝ አደረግኩ። የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ሲፍቅ የሚያሰማውን ድምፅ ወደድኩት። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ሳልነካ የተውኩት ነጭ፣ ዙሪያው ሲጠቁር ብርሃን ሆኖ መውጣቱ ነው። አፍንጫው ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትቼለት ሳምንቱን ሙሉ እሷን እያሰብኩ ብቻዬን ስስቅ ከረምኩ።

አንድ ቀን አናጢው ብዕሩን እየወለወለ «ታላቅ ወንድሜ ሌላ ከተማ የእንጨት ሥራ ከፍቶ ና ብሎኛል» አለኝ። «በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ።»

«ጥሩ ነዋ!» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው!

ከዚያ ወዲያ መላ ቅጡ ጠፋኝ። ሥራ ቦታ የአንዱን መነጽር ለሌላው ሰጥቼ አለቃዬን አስጮህኩት። «እዚሁ ቅር» እንዳልለው፣ ማን ነኝና? ወንድሙ እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው ሰው ነው። ለእኔ ምን እንደሚያስብም አላውቅም። ከብዕሩ ጠብታ እንኳን የማያመልጠው ሰው፣ ከአፉ ምን ይወጣል?

የመጨረሻው ትምህርት ላይ መምህሩ አዲስ ልምምድ ሰጡን። «ወረቀቱን ማየት የለም፤ ብዕሩን ማንሳት የለም። ዓይናችሁ ሰውየው ላይ ብቻ። ዓይን ሲሄድ እጅ ይከተላል።»

የሰው ዓይን ማየት ሥራዬ ነው። የእሱን ግን መቋቋም አቃተኝ። እኔ ከግንባሩ ወደ ከንፈሩ፣ ከከንፈሩ ወደ ጆሮው ስሮጥ፣ እሱ ዓይኔ ላይ ቀረ። ዓይኑን አልነቀለም።

መምህሩ መጥተው አጠገቡ ቆሙ። «ልጄ፣ ምን ነካህ?»

ሁለታችንም ወረቀቱን አየን። መስመር የሚባል የለም። ብዕሩ የቆመበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተስፋፍቶ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ጥቁር እድፍ ሆኖ፣ ከሥር ያለውን ወረቀት ሁሉ ዘልቋል።

«ይቅርታ መምህር፣ ረሳሁት» አለ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

ያ ጠብታ የማያመልጠው ሰው፣ «ረሳሁት»!

ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። «አትሂድ!» አልኩ ብድግ ብዬ። ክፍሉ በሙሉ ሰማኝ። «ወድጄሃለሁ፤ አትሂድብኝ!»

አናጢው ተነሳ። ብዕሩን ከድኖ ወጣ። ተከተልኩት። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ስልክ ደወለ።

«ጋሽዬ፣ እኔ ነኝ። አልመጣም… አይ፣ ደህና ነኝ።» ወደ እኔ ዞረ። «ሰው አለኝ።»

ወንድሙ ብዙ ተናገረ። አናጢው አዳመጠ፣ አዳመጠና ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋው። «ከራሷ ልስማ እያለ ነው።»

ተቀበልኩት። ወዲያ ማዶ የአንድ ሰው ትንፋሽ ይሰማል፤ ይህን ልጅ ያሳደገ፣ መምጣቱን ሲጠብቅ የከረመ ሰው። አሳዘነኝ። አፈርኩም። ግን ምን ላድርግ?

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልለቀውም።»