ፈልጎ ያጣ ዜሮ

«አባትሽ ግን በደንብ ፈልጎት ይሆን?»

እናቷ ይህን ስትጠይቃት ልጅቷ አንገቷን አቀርቅራ ሰሃን ማጠቧን ቀጠለች። ታላቅ ወንድሟ ከአባታቸው ጋር ተጣልቶ ከቤት ከወጣ ሰንብቷል። አባቷ አናጢ ነው፤ ልጁ ሙያውን እንዲወርስለት ይፈልግ ነበር። ልጁ ደግሞ ከመኪና ሌላ ሥራ አልሠራም፣ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ቃል ቃልን አመጣና በሩ ድው ብሎ ተዘጋ። እናቷ እንባዋ አልደርቅ ሲላት፣ አባቷ ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ማታ «መናኸሪያውን አገላብጬ አየሁት፤ የለም» አላት።

ልጅቷ ግን ያን ዕለት አባቷን በሥራ ቤቱ መስኮት አይታዋለች። ጠዋት ስታልፍም፣ ለምሳ ስትመጣም፣ ከትምህርት ስትለቀቅም እንጨቱ ላይ እንዳጎነበሰ እዚያው ነበር።

እናቷ በጠየቀቻት ማግስት የሳይንስ መምህሩ ሰሌዳው ላይ 2.5 ሜትር፣ ከጎኑ 2.50 ሜትር ብለው ጻፉ።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ምንም ቲቸር! ዜሮዋ ዝም ብላ የተለጠፈች ናት» አለ ከኋላ፣ ወሬ ስለማያልቅበት «ሬዲዮ» የሚሉት ልጅ።

«አልተለጠፈችም። የመጀመሪያውን የጻፈው ሰው ሜትሩን አሥር ቦታ ከፍሎ አየና እዚያ አቆመ። ሁለተኛው መቶ ቦታ ከፍሎ አየ፤ ትርፍ አላገኘም። ዜሮዋ ‹እዚህም ድረስ አይቻለሁ፤ ምንም የለም› ትላለች። ስለዚህ ጉልህ አሃዝ ናት፤ ትቆጠራለች።»

«ታዲያ ባለፈው ፈተና ያገኘኋት ዜሮ ጉልህ ናት ማለት ነው?»

«በጣም እንጂ! ስንት ፈልጌ መሰለህ ያጣሁት!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው 300 ብለው ጻፉ።

«እነዚህስ ዜሮዎች? ሰውየው ለክቶ ነው ወይስ ገምቶ? አይታወቅም። ሳይንሳዊ አጻጻፍ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።» አንዱን 3 × 10²፣ ሌላውን 3.00 × 10² አሉ። «የመጀመሪያው ገምቷል። ሁለተኛው እስከ መጨረሻዋ አይቷል። ልጆች፣ ሳትለኩ ዜሮ እንዳትጨምሩ። ያላያችሁትን አየሁ ማለት ነው።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የአባቷ «የለም» ጆሮዋ ላይ አቃጨለባት።

ከትምህርት ስትለቀቅ ወደ ቤት አልታጠፈችም። መናኸሪያውን ከዳር እስከ ዳር ጠየቀች፤ ትኬት ቆራጮቹን፣ ጫኝና አውራጆቹን። በመጨረሻ አንድ ጎሚስታ የሚጠግነውን ጎማ ትቶ ቀና አለ።

«ያ ረጅሙ? ‹ነጥቤ› የሚላት እህት ያለችው?»

ነጥቤ፣ አጭር ስለሆነች ወንድሟ ያወጣላት ስም ነው።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አይ እህቴ! ትናንት በጠዋት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሄደ። ወዴት እንደሆነ አልነገረኝም። እዚሁ እኮ ነው ከእኔ ጋር ጎማ ሲነፋ የከረመው። አውቶቡስ በገባ ቁጥር ቀና ይላል። ‹ማን ይመጣልኛል ብለህ ነው?› ስለው፣ ‹አባዬ ሲናደድ ነው እንጂ ይመጣል› ይለኝ ነበር።»

መንገዱን ሙሉ «ትናንት» የምትለው ቃል አፏ ውስጥ ከበደቻት። ብትናገራት አባቷ ሳይፈልገው «የለም» ማለቱን ታጋልጣለች። ብትውጣት እናቷ፣ ልጄ አንድ ነገር ሆኗል እያለች ስትብሰለሰል ትኖራለች።

ስትገባ አባቷ ጫማውን ለማውለቅ አጎንብሷል።

«የት አምሽተሽ ነው አንቺ?» አለች እናቷ እየተጣደፈች። «ልቤን ሰቀልሽው እኮ!»

«መናኸሪያ ነበርኩ። ወንድሜን ስፈልግ።»

ልጅቷ አባቷን ሳታይ ቀጠለች።

«እስከ ትናንት እዚያ ነበር፣ እማዬ። ደህና ነው፤ ሲሠራ ነበር። ዛሬ ግን የለም።»

እናቷ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። እሱም የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘ ቀረ።

«ነገ እሄዳለሁ» አለ፣ ለጫማው የሚናገር ይመስል።

«አባዬ» አለችው፣ «እኔ ከዳር እስከ ዳር ፈልጌዋለሁ፤ የለም።»

ወንድሟ ሄዷል። ሦስቱ ቀርተዋል።