መኪኖች የማይፈሩት ጉብታ

የወንድሟን ሹራብ ጨምድዳ ወደ ኋላ ጎተተችው። የጭነት መኪናው ፍሬን ሳይነካ ጥሏቸው ነጎደ፤ ነፋሱ ፊታቸውን ገረፈው።

«አነቅሽኝ እኮ!» አለ ታናሽ ወንድሟ።

«መኪናውን አላየኸውም?»

«ጉብታው አለ አይደል? መኪና ይፈራዋል።»

ያለው ቀለም እንጂ ጉብታ አይደለም። ሰፈርተኛው የትምህርት ቤቱ በር ላይ የፍጥነት መቀነሻ ይሠራልን ብሎ ቢለምን ሰሚ አጣ። የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፈው አባቷ ታዲያ አስፋልቱን ነጭና ጥቁር ቀባው፤ ከሩቅ ሲያዩት ያበጠ እንዲመስል ጥላ ሳይቀር አበጀለት። መጀመሪያ ሰሞን ሹፌሩ ሁሉ እየደነገጠ ፍሬን ያዘ። ዕድሜውን ሙሉ «ብሩሽ» እያለ ሲያላግጥበት የኖረ ሰፈር ያን ጊዜ «ጋሼ» አለው። ሰው እንዲህ ነው፤ የሚያከብርህ ሲቸግረው ብቻ ነው።

አሁን ሹፌሮቹ ነቅተዋል። ያልነቁት ልጆቹ ናቸው።

ማታ አባቷ ብሩሾቹን በናፍጣ ሲያጥብ አጠገቡ ቆመች።

«አባዬ፣ መኪኖቹ መፍራት ትተዋል።»

እጁ ቆመ። «ማነው ያለሽ? ያ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ ነው አይደል? የኔን ሥራ ካላንኳሰሰ ምሳው አይፈጭለትም!»

«ማንም አላለኝም። ዛሬ አንድ የጭነት መኪና ወንድሜን ለጥቂት ነው የሳተው።»

«አንድ እብድ ሹፌር ይሆናላ። ቀለሙ ደብዝዞ ነው፤ ጠዋት አደምቀዋለሁ።»

በደመቀ ቁጥር የሚያምኑት ልጆቹ ናቸው።

ጠዋት አባቷ ሥራውን ጨርሶ መንገዱ ዳር ቆሟል። ባለ ሱቁ ከደጃፉ ሆኖ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!» ይላል። አባቷ እንዲህ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይታው አታውቅም። ትንንሾቹ ልጆች እየተጋፉ ወደ አዲሱ ቀለም ሮጡ። ከመታጠፊያው በኩል ሞተር ሲያጓራ ተሰማት። ብትናገር «ብሩሽ» የሚለው ስም ነገውኑ ይመለሳል፤ ዝም ብትል ደግሞ...

ዘላ ፊታቸው ገባችና እጆቿን ዘረጋች።

«ቁሙ! መኪና ይህን አይፈራም!» አባቷ እስኪሰማ ድረስ ጮኸች። «ቀለም ነው! እጄን ሳይዝ ማንም አይሻገርም!»

መኪናው ቀለሙን ረግጦ እንደ ጥይት አለፈ።

ባለ ሱቁ ከት ብሎ ሳቀ። ወደ አባቷ ዞራ ማየት አልደፈረችም። ዓይኗን ከመታጠፊያው ሳትነቅል፣ አጠገቧ የነበረችውን ትንሽ ልጅ እጅ ያዘች።