የዘውዲራ ጩኸት

ዘውዲራ በተቀበረች ማግስት የቀይ አፋፍ ውሾች ድምፃቸው ጠፋ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ አንገታቸውን ወደ ምሥራቅ ያሰግጋሉ፣ ጎናቸው ይርገበገባል፤ ድምፅ ግን የለም። የታርሜዝ ነገሥታት መናገሻ የሆነችው ይህች ከተማ ከተቆረቆረች ጀምሮ እንዲህ ያለ ምልክት አይታ አታውቅም። ኮከብ ቆጣሪዎቹ ተሰብስበው መጽሐፍ ገለጡ፤ አብዛኞቹ የአየሩ ለውጥ ነው አሉ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «በዚህች ከተማ ላይ ምላሽ ያጣ ጩኸት ተንጠልጥሏል» አለ። በዚያው ቀን ከሹመቱ ተሻረ።

የማን ጩኸት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

ዘውዲራ ፈትል እየሸጠች የምትኖር ሴት ነበረች። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፈትሏን ልታደርስ ወደ ሸማኔዎች ሰፈር ስትገባ የንጉሡ ጦር አበጋዝ ድርማን በጠባቧ መንገድ ላይ ያዛት። የደረሰባትን ለዳኞች ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህም በኋላ እንደ ጥፋት ተቆጠረባት።

በታርሜዝ የጩኸት ሕግ የሚባል አለ። የተደፈረች ሴት መጮኽ አለባት፤ የሰማ ሁሉ ደጁን ከፍቶ መውጣት አለበት። የሰማ ሰው ካልተገኘ አልጮኸችም ማለት ነው። ካልጮኸች ወድዳ ነው። ወድዳ ከሆነ ደግሞ ከሳሽ ሳትሆን ሐሰተኛ ናት። የዳኞቹ አለቃ አፈ ሕግ ቶራን በዚያ መንገድ ለምን እንደሄደች፣ ጠጉሯን ለምን እንዳልሸፈነች፣ ከዚያ በፊት ለአበጋዙ ሰላምታ ሰጥታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። በእርግጥ ጮኻ ከሆነ ጉሮሮዋ ለምን እንዳልተዘጋም ጠየቃት። ከዚያ የችሎቱ ሰዎች የሸማኔዎችን ሰፈር በር በበሩ ዞሩት። የሰማ አልነበረም። አንዷ ሸማኔ የመወርወሪያዋ ድምፅ ከባድ እንደሆነ ተናገረች፤ ሌላው ልጁ ታሞበት እንደነበር። ዘውዲራ ሐሰተኛ ተባለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላት። ክረምቱ ሳይገባ ሞተች። ሐሰተኛ ከከተማው ቅጥር ውጭ ይቀበራል፤ አይለቀስለትም፤ ያለቀሰለትም ይገረፋል።

ታናሽ እህቷ ናሜላ ይህ ሁሉ ሲሆን በሩቅ ጠረፍ ጦር ይዛ ድንበር ትጠብቅ ነበር። እናት አባት አታውቅም፤ ያሳደገቻት ዘውዲራ ናት። ክር በጥርሷ እየበጠሰች የምትቆጣት፣ ቁጣውን ሳትጨርስ ሳቅ የሚያመልጣት ዘውዲራ። ስትመለስ የጠበቃት ግን እንባ ያልነካው የአፈር ክምር ነው።

አፈሩን ከጉልበቷ ሳታራግፍ ችሎት ገባች። «ጌታዬ፣ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ፍርዱ ይነሣላትና ይለቀስላት» አለች።

ቶራን ክፉ ፊት አልነበረውም። እንደ አባት ነው ያናገራት። ነገሩ እሱንም እንዳሳዘነው፣ ሕግ ግን ሕግ እንደሆነ፣ አንድ የሰማ ሰው ቢቀርብ በደስታ ፍርዱን እንደሚያነሣ ረጋ ብሎ አስረዳት። ድርማን በቀኙ ተቀምጦ የጎራዴውን እጀታ ይዳብስ ነበር።

«የሰማ ከጠፋ ጩኸቱን ራሱን ታምጣዋ» አለ። «ተነሥቶ ይመስክር።»

ችሎቱ ሳቀ። ቶራን እንኳ አፉን በነጠላው ሸፈነ።

ናሜላ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ጦሯን ከወለሉ ድንጋይ ላይ ተከለች። «በእህቴ አፈር እምላለሁ። ጩኸቷን አመጣለሁ። ባመጣሁ ቀን ከእናንተ የሚስቅ አይኖርም።»

ምላሽ ያጣ ድምፅ የት እንደሚሄድ የታርሜዝ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከጨው ምድር ማዶ የዝምታ ገደል አለ፤ በገደሉ ውስጥ ኦምሪት የምትባል ፍጡር አለች፤ ድምፆቹን የምትጠብቀው እሷ ናት። ሄዶ የተመለሰ ግን ስለማይታወቅ፣ ናሜላ ስትነሣ አብረዋት የተነሡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ ሽርፌ ናት፤ በየለቅሶው እየተጠራች ሙሾ የምታወርድ አልቃሽ። ለዘውዲራ እንዳታለቅስ መከልከሏ እንደ ስድብ ሆኖባታል። ሌላው ባሻ ገርድም ነው፤ ሸማኔዎች ሰፈር መግቢያ ላይ ያለው በር የሚጠበቀው በእሱ ነበር። ዘበኝነቱን ጥሎ፣ ቀንደ መለከቱን በትከሻው እንዳንጠለጠለ ተከተላቸው። ናሜላ ለምን እንደሚከተል ስትጠይቀው መሬት መሬት እያየ «ጡረታዬ ደርሷል» አለ።

የጨው ምድር ነጭ ነው፤ ሰማዩም ነጭ ነው፤ በመካከሉ ክንፋቸው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ አሞሮች ይዞራሉ። ክንፋቸው የነካውን ይቆርጣል። የመጡባቸውን በቅሎዎች የጨረሱባቸው እነሱ ናቸው። ናሜላ በጦሯ ስትመልሳቸው ባሻ ገርድም ደግሞ ጋሻውን በሁለቱ ሴቶች ላይ ዘርግቶ የገዛ ጀርባውን ለክንፎቹ ሰጠ። በዚያ ጭንቅ መሐል እንኳ ሽርፌ አፏ አያርፍም ነበር።

«እኔ ለሰው ሁሉ አልቅሼ እዚህ ብሞት ማን ሊያለቅስልኝ ነው? ባሻ፣ እስቲ ይሞክሩት፤ ድምፅዎን ልስማው።»

ባሻ ገርድም ጉሮሮውን ጠርጎ ሞከረ።

«ይተዉት» አለች ሽርፌ። «አልሞትም።»

ናሜላ ከጠረፍ ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። በዚያ መንገድ ላይ ሽማግሌውን እንደ አባት ማየት ጀምራ ነበር። ቁስሉን የምታስርለት እሷ፣ ውኃውን አስቀድሞ የሚሰጣት እሱ።

ገደሉ ሲደርሱ ነፋሱ እንኳ ቆመ። ከግድግዳው ሁሉ በሰም የታሸጉ ቅሎች ተንጠልጥለዋል፤ ዓይን ማየት እስከሚችልበት ድረስ ቅል ብቻ ነው። ኦምሪት ከቅሎቹ መሐል ተነሣች። ዓይን የላትም፣ አፍ የላትም፤ ከራሷ እስከ ጅራቷ እንደ እንሰት ቅጠል የሚርገበገብ ጆሮ ናት። ስትናገር ቃሏ ከሰሚው ደረት ውስጥ ይነሣል።

ናሜላ ተንበርክካ የመጣችበትን ነገረቻት፤ የሰማ ሰው አለመኖሩንም ጨምራ።

«የሰማ ሰው ከሌለ እዚህ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለች ኦምሪት። «ማንም ያልሰማው ድምፅ እንደ ጢስ በኖ ይጠፋል። እዚህ የሚመጣው ሰው ሰምቶ የተወው ነው።»

ከዚያም አንዲት ትንሽ ቅል አውርዳ የሰሙን ጫፍ ላላ አደረገችው። ናሜላ አንገቷን ዘርግታ አዳመጠች። ምንም የለም። ሽርፌን አየቻት፤ ሽርፌም ትከሻዋን ነቀነቀች። በዚያ የገበያ ቀን ሁለቱም ከከተማው ርቀው ነበሩ።

ባሻ ገርድም ግን ጋሻው ከእጁ ወደቀ። ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ይዞ በግንባሩ መሬት ላይ ተደፋ።

ነገሩ ናሜላን ወዲያው አልገባትም። ሽማግሌው ከመሬት ሳይነሣ ተናገረ። የአበጋዙ ፈረስ ከበሩ አጠገብ ታስሮ እንደነበር፣ የማን ፈረስ እንደሆነ እንዳወቀ፣ መለከቱን ነፍቶ ዘብ መጥራት ሲገባው ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ። በኋላ በችሎት ሲጠየቅ አልሰማሁም እንዳለ። «ሰማሁ» አለ በመጨረሻ። «ሰማሁ፣ ልጄ። ስምሽን እየጠራች ነበር።»

ቃሉን እንዳለ እጆቹ ከጆሮው ወረዱ። ጩኸቱ ለቅቆታል።

ናሜላ ጦሯን ከአንገቱ ላይ አሳረፈች። እስከዚያ ሰዓት እርስዎ ትለው ነበር። «ውኃ ስትሰጠኝ ምን ታስብ ነበር አንተ?» አለችው።

«ከገደልሽው የሰማ ሰው ገደልሽ» አለች ሽርፌ። «ሕጉ የሚፈልገው እሱን ነው። ወስደሽ አቁሚው፤ ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።»

ጦሩ ተነሣ። ይቅርታ ግን አልነበረም፤ ሽማግሌውም አልጠየቀም።

ኦምሪት የቅሉን ዋጋ ነገረቻቸው። «ጩኸቱን ውሰጂ፤ መስሚያሽን ትተሽልኝ ሂጂ። ይህን ሁሉ ብቻዬን መስማት ደክሞኛል።» ሽርፌ የእኔን ውሰጂ አለች፣ ገርድምም አለ። ኦምሪት ግን የምትቀበለው ከሟቿ ወገን ብቻ ነበር። ናሜላ ብዙ አላሰበችም። የእህቷን ሳቅ አንድ ጊዜ በልቧ ደገመችው። ከዚያ «ውሰጂው» አለች፤ የራሷን ድምፅ የሰማችው ያን ጊዜ ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ።

ከገደሉ አፋፍ ሲወጡ የአበጋዙ ፈረሰኞች በጨዉ ሜዳ ላይ አቧራ እያስነሡ ይመጡ ነበር። ድርማን በቀልድ የጠየቀው ጩኸት እውነት እንዳይመጣ ቆይቶ ሳይሰጋ አልቀረም። ሜዳውንና የቀይ አፋፍን መንገድ የሚያገናኘው አንድ ጠባብ የድንጋይ በር ነው። ባሻ ገርድም ሁለቱን አሳልፎ እሱ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ናሜላ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። ከንፈሩን አየች እንጂ ቃሉን አልሰማችም፤ ሽርፌን በኋላ አልጠየቀቻትም፣ ሽርፌም አልነገረቻትም። ዞራ ስታየው ጉንጩ ተነፍቶ፣ መለከቱ ከአፉ ላይ ነበር፤ የጦሮቹ ጫፎች ደረቱ ላይ እስኪደርሱ ድረስ አላወረደውም። የሰማው ሰው በዚያ ቀረ። የቀራቸው ቅሉ ብቻ ነው።

ቀይ አፋፍ የደረሱት ችሎት በአደባባይ በሚውልበት ቀን ነው። ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ ሸማኔዎቹም አሉ፤ ቶራን ከመንበሩ ላይ፣ ድርማን በቀኙ። ቶራን አይቷት ፈገግ እያለ አንድ ነገር ጠየቃት። ናሜላ የድምፅዋን ልክ ስለማታውቅ ከሚገባው በላይ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ጩኸቱን አምጪ አላችሁኝ። አምጥቻለሁ። ያልሰማ ሰው አሁንም አይሰማውም፤ ምንም አይሆንም። የሰማ ግን ሰማሁ እስኪል አይለቀውም።»

ሰሙን ሰበረች።

ከሌላ ሰፈር የመጡት ሰዎች እንደቆሙ ቀሩ፤ ዙሪያቸውን ያያሉ እንጂ የሚሰሙት የለም። የሸማኔዎች ሰፈር ግን እንደ ታጨደ እህል ወደቀ። ወንዱም ሴቱም ጆሮውን ይዞ ይንፈራገጣል። ከመንበሩ ላይ ደግሞ የሕግ በትር ተንከባለለ፤ አፈ ሕግ ቶራን በጉልበቱ ነበር። የእልፍኙ መስኮት በዚያች ጠባብ መንገድ በኩል መሆኑን ሕዝቡ ያን ጊዜ አስታወሰ።

ናሜላ ደስ አላት። ሆዷ ውስጥ እንደ ጠጅ የሚሞቅ ደስታ ነበር፤ አላፈረችበትም። ቶራን እጆቹን ዘርግቶ ለመናት፤ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ምን እያለ እንደሆነ መገመት ትችል ነበር፤ መስማት ግን አትችልም። ቅሉን ከፍ አድርጋ ያዘችው።

በመጀመሪያ የተነሣችው መወርወሪያዋን ያመካኘችው ሸማኔ ናት። «ሰማሁ» አለች። «መወርወሪያዬን ያፈጠንኩት እንዳልሰማ ብዬ ነው።» ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ ቃሉ በአደባባዩ ላይ እንደ ዝናብ ወረደ። ቶራን ጺሙን ነክሶ እስከ መጨረሻው ቆየ፤ ለእሱ ያ ቃል ሹመቱ፣ ስሙ፣ ዕድሜውን ሙሉ የፈረደው ፍርድ ሁሉ ነበር። በመጨረሻ ግን እሱም አለው፤ ቀጥሎም በሕጉ መሠረት ዘውዲራ መጮኋን፣ ፍርዱም መሻሩን በገዛ አፉ አወጀ። ሽርፌ የናሜላን ክንድ ጨበጥ አድርጋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችላት።

ድርማን ሰማሁ አለ። ደግሞ አለ። ጮኾ አለ። አልለቀቀውም። ሌሎቹ የዘጉትን ደጅ በቃላቸው ከፈቱ፤ እሱ ግን የሚከፍተው ደጅ አልነበረውም። ከአደባባዩ ሮጦ ወጣና የየቤቱን በር ይደበድብ ጀመር። የገዛ ወታደሮቹ መንገድ ለቀቁለት። የከፈተለት ግን የለም። ከከተማው ሲወጣ የታየው ጆሮውን ይዞ፣ ወደ ጨዉ ምድር እየተንገዳገደ ነበር።

በማግስቱ የዘውዲራ አስከሬን ከውጭ ተነሥቶ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከወገኖቿ መካከል ተቀበረ። ለቅሶዋን የመራችው ሽርፌ ናት። የሸማኔዎች ሰፈር ሁሉ በመቃብሩ ዙሪያ ቆመ፤ ቶራንም ነጠላውን አደግድጎ ከመካከላቸው ነበር። ናሜላ ከመቃብሩ ራስጌ ተቀምጣ የሚከፈቱትን አፎች፣ የሚመቱትን ደረቶች አየች። ይህን ሙሾ ለእህቷ ያመጣችው እሷ ናት፤ አንዲት ቃል ግን አትሰማም።

በታርሜዝ ለቅሶ የሚያበቃው የሟች የቅርብ ዘመድ እጁን አንሥቶ ይብቃችሁ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ዝም የሚል የለም፤ ነውር ነው። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ድምፃቸው ተዘግቶ በጉሮሯቸው ብቻ ያቃስቱ ጀመር፤ ቶራን ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ሁለት ጊዜ አነሡት። ሁሉም የናሜላን እጅ ያያሉ።

ናሜላ እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አላነሣችም።