በገደሉ አፋፍ የተነሳው ፎቶ

መምህር ምንተስኖትን ከቤተ ልሔም ገዳም ወዲህ ካለው ገደል ሥር ያገኙት ገብስ ሊያጭዱ የወረዱ ገበሬዎች ናቸው። ኢንስፔክተር ታንጉት ከንፋስ መውጫ ከተማ ተነስታ ስትደርስ አስከሬኑ ጋቢ ለብሶ፣ ሚሊሻዎች ዙሪያውን ቆመው ነበር። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ አፋፉ ወጣች።

አፋፉ ላይ የሟቹ ካሜራ በባለ ሦስት እግር መቆሚያው ላይ እንደታሰረ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ቆሟል።

«የነካው ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም» አለ አብሯት የወጣው ሚሊሻ። «ነገሩ ግልጽ ነው። ካሜራው በራሱ ጊዜ እንዲያነሳው አዘጋጀና ሮጦ አፋፉ ላይ ቆመ። ከተነሳ በኋላ አዳለጠው።»

ታንጉት የጣቢያውን ካሜራ አንግታ ስንት የአደጋና የግድያ ቦታ የዞረች ሴት ናት፤ ካሜራ አያደናግራትም። ጎንበስ ብላ መረመረችው። እውነትም ቆጥሮ በራሱ እንዲያነሳ ተደርጓል። የመጨረሻውን ፎቶ ከፈተች። ምንተስኖት ገደሉን በጀርባው አድርጎ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ፈገግ ብሏል። የቅንድቡ ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ከኋላው ነጭ ሰማይ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ዓይኗን በካሜራው ማያ ቀዳዳ ላይ አደረገች። ድፍን አለባት። በመሐረብ ወልውላ እንደገና አየች፤ ውስጥ ከግርጌ የሚበሩት ቁጥሮች እንኳ ደብዝዘዋል። ካሜራውን እንዳለ ጠቅልላ ያዘችው።

ባለቤቱን ዓለምጸሐይን ያነጋገረቻት ከቀብር መልስ ነው። ሴትዮዋ ማልቀሱን ጨርሳ ድምጿ ደርቋል።

«ካሜራውን ለሰው ይሰጥ ነበር?»

«እኔንም አያስነካኝም። ሊገዛው ሲያስብ ክረምቱን ሙሉ ከጓደኛው ከአስናቀ ጋር ሲከራከሩ ነው የከረሙት። አስናቀ ትልቁን፣ ከባዱን ግዛ ይለዋል። እሱ ደግሞ ‹ገደል ለገደል ይዤው የምዞረው እኔ ነኝ፤ ቀላል ይሁንልኝ፤ ከካሜራው ይልቅ ጥሩ ሌንስ ይሻለኛል› አለና የልቡን አደረገ።»

«የወጣ ዕለትስ?»

«ጠዋት በዚያው ካሜራ በር ላይ ፎቶ አነሳኝ። ‹ዛሬ አንድ ነገር ጨርሼ እመጣለሁ› ብሎኝ ወጣ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ዓይኑን ያመው ነበር?»

«ኧረ ምንም። ከእኔም ከእሱም ቤት መነጽር ያደረገ የለም።»

ከዚያ ወደ ይበልጣል ሄደች። ከተማው ውስጥ ፎቶ ቤት ያለው እሱ ነው፤ ምንተስኖትን እንደማይወደው አገር ያውቃል።

«ጠልቼዋለሁ፤ አልዋሽዎትም» አላት። «ለእሱ መዝናኛ ነው፤ ለእኔ እንጀራዬ ነው። የሰው ሠርግ በነጻ ያነሳል፤ ከዚያ ማን ወደ እኔ ይመጣል?»

«የሞተ ዕለት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ፎቶ ቤቴ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም።»

መምህር አስናቀ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ከሟቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው የኖሩበት ዘመን ነበር። ቤቱ ግድግዳ ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የቤተ ልሔሙ የቅኔ መምህር መርጌታ ወልደ ሰንበት ከጽድ ሥር ተቀምጠው ቅኔ ሲዘርፉ፣ ተማሪዎቻቸው አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙ።

«ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።» ወፍራም መነጽሩን ገፋ አደረገ። «ባሕር ዳር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። በእሱ ምክንያት እዚያ የፎቶ ባለሙያ ሆኜ ልቀጠር ነው። ከጥር ጀምሮ።»

«ምንተስኖት ደስ አለው?»

«ለምን አይለው? ጓደኛዬ ነው።»

«ካሜራውን ነክተኸው ታውቃለህ?»

«ከገዛው ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልነካሁትም። የሞተ ዕለት ከቤቴ አልወጣሁም፤ ፈተና ሳርም ነው የዋልኩት።»

በማግስቱ ቤተ ልሔም ወርዳ መርጌታን ጠየቀቻቸው።

«ከጽዱ ሥር ሆነው የተነሱትን ፎቶ ማን ነው ያነሳዎት?»

«ሟቹ ነዋ፣ ልጄ። ብቻውን ነው የመጣው። ኋላ ያ መነጽራሙ ተሸለመበት ሲባል ብሰማ ምንተስኖትን ጠርቼ ነገርኩት። ዝም አለ። እኔን የእሱ ዝምታ አስፈራኝ።»

ከሠልስቱ በኋላ ታንጉት ሁሉንም አፋፉ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሰማዩ እንደዚያን ዕለት ነጭ ነው። መቆሚያውን በነበረበት አቆመች፤ ካሜራውን አሰረች።

«መምህሩ ራሱን አንስቶ አዳለጠው ተብሏል» አለች። «እስቲ እንየው። ይህ ካሜራ መሐሉ ላይ ያለውን ነገር ፈልጎ ጥርት አድርጎ ሳይዝ አያነሳም። እንደዚያ ተደርጎ ነው የተገኘው፤ እኔም አልለወጥኩትም። አሁን ከሌንሱ ፊት ሰው የለም።»

ቁልፉን ተጫነች። ሌንሱ ወዲያና ወዲህ እያለ ጥቂት አጉረመረመ፤ ከዚያ ዝም አለ። አላነሳም።

«ባዶ ሰማይ ምን ይይዛል? ራሱ ተጭኖ ቢሮጥ ኖሮ መቁጠርም አይጀምርም ነበር።» ሚሊሻውን ከሌንሱ ፊት፣ ከአፋፉ መለስ ብሎ እንዲቆም አደረገችና እንደገና ተጫነች። ካሜራው ቆጥሮ ቀጭ አለ። «የምንተስኖት ፊት ጥርት ብሎ ወጥቷል። ቁልፉ ሲነካ እሱ እዚያ ቆሞ ነበር ማለት ነው። የነካው ሌላ ሰው ነው፤ በራሱ እንዲያነሳ ያደረገውም ያው ሰው ነው፣ ኋላ እኛን ለማሳት።»

ከካሜራው ገለል አለች።

«አሁን በየተራ በዚህ ቀዳዳ እዩልኝ።»

ይበልጣል አየ። «ድፍን ነው። ቁጥሮቹ አይነበቡም።»

ዓለምጸሐይም አየች። «አይታየኝም።»

«ለእኔም አይታይም» አለች ታንጉት። «ከቀዳዳው ጎን ትንሽ ጥርስ ያላት መዘውር አለች። ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽሩን አውልቆ ለማየት እሷን ያዞራታል። ምንተስኖት ጤነኛ ዓይን ይዞ በዚህ ሊያይ አይችልም። ጠዋት ሚስቱን ያነሳበት ካሜራ ነው። ከዚያ ወዲህ ያዞራት ሰው አለ፤ መመለሷን ረሳ። አስናቀ፣ መነጽርህን አውልቅና እይልኝ።»

አስናቀ ወዲያው አልተነሳም። ኋላ መነጽሩን አውልቆ በእጁ ያዘና ዓይኑን ቀዳዳው ላይ አደረገ። ብዙ ቆየ።

«ምን ይታይሃል?»

«ሁሉም» አለ።

መሬት ላይ ቁጭ አለ። መርጌታ ፊታቸውን አዞሩ።

«ያን ዕለት ሊያጋልጠኝ ነው ብዬ ነው እዚህ የመጣሁት» አለ አስናቀ። «የመርጌታን ፎቶ ታሞ ተኝቶ ሳለ ነው ከኮምፒውተሩ የወሰድኩት፤ ይሸለማል ብዬ አላሰብኩም። ‹ይሁንልህ› አለኝ። ‹ፎቶውም ሥራውም ያንተ ይሁን፣ ለማንም አልናገርም።› እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ ካሜራውን ከነመቆሚያው ሰጠኝ። ለሰው የማይሰጠውን። ‹በል አንሳኝ፤ አንድ እንኳ የራስህ ፎቶ ይኑርህ› ብሎ ሳቀ። አነሳሁት። እየሳቀ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ይህ ሳቅ ሊከተለኝ ነው አልኩ።»

«እና ገፋኸው» አለች ታንጉት።

«ገፋሁት።» ቀና ብሎ ዓለምጸሐይን አያት። «ቀልዱን ነበር?»

ዓለምጸሐይ ነጠላዋን አጣፋች።

«ብትጠይቀው ይነግርህ ነበር» አለችው።

ታንጉት አስናቀን እጁን አስራ በገብሱ መሐል ይዛው ወረደች። አጫጆቹ ማጭዳቸውን አስቀምጠው አዩት፤ የሰደበው አልነበረም። የአብዛኞቹን ልጆች ያስተማረ ሰው ነው።