የሐዘን ወረቀት

መርማሪ ጋሮው የሐኪሙ ቤት ሲደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም ነበር። የዶክተር አምብሮስ ፔል ሚስት ወይዘሮ ሌቲስ፣ ድካም እንደጣለው ሰው በጎኗ ተኝታለች። ራስጌዋ ላይ ባዶ የሞርፊን ብልቃጥ፣ ወተት የተጠጣበት ብርጭቆና አንድ ወረቀት ነበሩ።

«አቅሜ አልቋል። ከዚህ በላይ አልችልም። ይቅርታ። ሌቲስ።»

«የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው» አለ ዶክተሩ ከበሩ ላይ ሆኖ። «ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

«ጊዜ» አለ ጋሮው።

ጊዜ ግን አልነበረም። ቀብሩ ነገ ነው። ቄስ ሆስኪንስ ደግሞ ቁርጡን ተናግረዋል፤ በገዛ እጇ ለሞተች ጸሎት የለም፣ መቃብሯም ከአጥሩ ጥግ ነው። ሌቲስ በሕይወቷ አጥብቃ የለመነችው ነገር ቢኖር፣ ካቻምና በጉሮሮ በሽታ ከሞተችው ከልጇ ከክላራ ጎን መቀበርን ነበር። ሙት አፍ የለውምና ስለ እሷ የሚከራከር አልተገኘም።

ጋሮው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ዙሪያውን እንደ ትንሽ ጣት የሰፋ ጥቁር ጠርዝ አለው። ሐዘንተኛ ሁሉ የሚጽፈው በእንዲህ ያለ ወረቀት ነው፤ ሐዘኑ ትኩስ ሳለ ጥቁሩ ሰፊ ነው፣ ወራት ባለፉ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። ጋሮው ይህን የተማረው የራሱን ሚስት በቀበረ ሰሞን፣ ወረቀት ሻጩ ፊት እንደ ድዳ ቆሞ ነው። አሁን ግን ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ የሟቿን መሳቢያ ሳበ። እዚያ ያለው ወረቀት ሁሉ ጠርዙ እንደ ክር የቀጠነ ነበር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህም ወረቀት ሁለት ቦታ ታጥፎ እንደነበር አልደበቀም፤ እጥፋቱ ከመቆየቱ የተነሳ ሳስቷል።

የዶክተሩ ረዳት ወጣቱ ፌንዊክ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ጠበቀው።

«ነገሩ እኔ ላይ እንደሚዞር አውቄዋለሁ» አለ ገና ሳይጠየቅ። «የሞርፊኑ ሣጥን ቁልፍ ግን ያው ሚስማሩ ላይ ነው የሚሰቀለው። የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«እዚህ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ስድስት ወር አልሞላኝም።»

«ወይዘሮዋ ደብዳቤ ጽፈውልህ ያውቃሉ?»

«ለእኔ? አንድ ገበታ ላይ እየበላን? የሚያወሩት ሁሉ ስለ ካናዳ ነበር። ዶክተሩ እዚያ ሥራ አግኝተዋል። ሻንጣ ሲያማርጥ የሰነበተ ሰው ራሱን ይገድላል እንዴ?»

የዶክተሩ ታላቅ እህት ወይዘሪት ሚሊሰንት ሳሎን ውስጥ ክር ታጠነጥናለች።

«ምስኪን፣ ልጇ ከሞተች ወዲህ ሰው አልሆነችም።»

«ትናንት ማታ ወተቱን ማን ወሰደላቸው?»

«እኔ! ሁልጊዜም እኔ ነኝ። ምነው፣ ወተት መስጠትም ወንጀል ሆነ?»

«ክላራ ስትሞት እዚህ ነበሩ?»

«ለጤናዬ ብዬ ባዝ ከተማ ከርሜ ነበር። ሌቲስ በየሳምንቱ ትጽፍልኝ ነበር። እንዴት ያለ ደብዳቤ መሰለዎት! ድንጋይ ያስለቅሳል።»

ጋሮው ጎንበስ ብሎ አመሰገናት። ከምሳ በኋላ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰባቸው፤ ቄሱንም አስጠራቸው።

«ወይዘሮ ሌቲስ ራሳቸውን አልገደሉም» አለ። «ይህ ወረቀት ትናንት አልተጻፈም። ሰፊ ጠርዝ ያለው የመጀመሪያው ሐዘን ወረቀት ነው፤ መሳቢያቸው ውስጥ እንዲህ ያለ አንድም የለም።»

«የተረፈ አሮጌ ወረቀት ቢሆንስ?» አለ ፌንዊክ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። እጥፋቱን ተመልከቱ። ራስጌ ላይ የሚተው ደብዳቤ ለምን ይታጠፋል? ይህ ፖስታ ውስጥ ገብቶ የተጓዘ ነው። የአንድ ደብዳቤ መጨረሻ ገጽ ነው፤ ‹ውድ እገሌ› የሚለው ከፊተኛው ገጽ ጋር ቀርቷል።»

«ለማን ነበር የተላከው?» አሉ ቄሱ።

«ለዶክተሩ አይደለም፤ ዶክተሩ ያን ጊዜ ቤታቸው ነበሩ። ሚስት ከገበታ ማዶ ለተቀመጠ ባሏ ቴምብር አትለጥፍም። ፌንዊክ ገና አልመጣም። ወይዘሪት ሚሊሰንት፣ እስቲ የባዙን ደብዳቤዎች ያሳዩን።»

«አቃጥያቸዋለሁ» አለች፤ ክሩ ከእጇ ወደቀ።

«አንቺ?» አለ ዶክተሩ። «የሥጋ ሻጩን ደረሰኝ ሳይቀር በጥብጣብ የምታስሪው ሴት?»

«መቼ ነው ያቃጠሉት?» አለ ጋሮው ዝግ ብሎ። «ይህን ገጽ ለይተው ካስቀሩ በኋላ ነው? ሞርፊኑንስ ወተቱ ውስጥ የጨመሩት እርስዎ አይደሉም?»

ሚሊሰንት መርማሪውን አላየችውም። ዓይኗ ወንድሟ ላይ ነበር።

«እናታችን ስትሞት ገና ሕፃን ነበርክ። የመጣልኝን ባል የመለስኩት ለአንተ ብዬ ነው። እሷ ግን ባሕር አሻግራ ልትወስድህ! እኔስ? በስተርጅናዬ ለማን ልቀር ነው?»

ቄስ ሆስኪንስ በሐፍረት አንገታቸውን ደፉ።

«ከልጇ ጎን ነው የምትቀበረው። ጸሎቱንም ራሴ አደርሳለሁ» አሉ።

በዚህ መሐል ሠራተኛዋ የከሰዓቱን ፖስታ ይዛ ገባች። አንዱ ለወይዘሮ ሌቲስ የመጣ፣ የካናዳ ቴምብር ያለበት ነበር። ዶክተሩ ከፈተው፤ እዚያ የሚከራዩት ቤት ባለቤት የጻፈው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦

«ስለጠየቁኝ ጉዳይ፣ አዎን፣ ከታች ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አለ። የባለቤትዎ እህት ደረጃ መውጣት ስለሚያስቸግራቸው ይመቻቸዋል። እርግጠኛ እስኪሆኑ ድረስ ለእሳቸው እንደማይነግሯቸው ጽፈውልኝ ነበር፤ አሁን ሊያበስሯቸው ይችላሉ። ሦስታችሁንም እንጠብቃለን።»



«ሦስታችሁንም ነው የሚለው?» አለች ሚሊሰንት። «አምብሮስ፣ እስቲ ድገምልኝ።»

ዶክተሩ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አልደገመላትም።