ግማሽ ሊትር የአልጌ ነዳጅ

ሀጀር የጠርሙሱን ክዳን ከፍታ አሸተተች። ከዚያ አንዲት ጠብታ በጣቶቿ መሃል አሸች። አይሱዙ የሚነዳው አባቷ አዲስ ማደያ በገባ ቁጥር እንዲህ ያደርጋል፤ የተቀየጠ ናፍጣ ከጣቱ አያመልጥም።

ይሄ ናፍጣ አይደለም። ልቧ ግን አላረፈም።

«ምነው፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?» አለ የቡድን አጋሯ እዝራ።

«ግማሽ ሊትር ከየት መጣ?»

«ከአልጌያችን ነዋ! ሪላክስ።»

ሦስት ወር ሙሉ ጎሮ፣ እነ ሀጀር ቤት ሰገነት ላይ፣ በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አልጌ ሲያሳድጉ ከርመዋል። አረንጓዴውን ውኃ አጥልለውና አድርቀው ባለፈው ሳምንት ያወጡት ዘይት የሻይ ማንኪያ እንኳ አልሞላም። ሀጀር እሱን በመድኃኒት ብልቃጥ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። የቀረውን አልጌ እዝራ ቤቱ ወስዶ ነበር፤ ዛሬ፣ በሳይንስ ኤግዚቢሽኑ ቀን፣ ይህን ጠርሙስ ይዞ ከች አለ።

ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «መቶ በመቶ ከአልጌ» ይላል። ከሥሩ የሁለቱም ስም አለ። አንደኛ የወጣ ቡድን ትምህርት ቤቱን ወክሎ ይወዳደራል።

መምህር አረጋዊ አንዲት ዳኛ አስከትለው መጡ። እዝራ ነዳጁን ትንሿ የናፍጣ ጄኔሬተር ውስጥ ጨመረና ገመዱን ሳበ። በሦስተኛው ሞተሩ ተነሳ፤ አምፖሉም በራ። ተማሪው አጨበጨበ።

ወዲያው የጭሱ ሽታ ሀጀር ጋ ደረሰ። ታውቀዋለች። ታክሲ ተራው ጥግ የእዝራ እናት ድንች ሲጠብሱ፣ «ለሀጁማ ጨመር ላድርግላት» ሲሉ፣ የሚሸተው እሱ ነው።

«ኧረ ቺብስ ቺብስ ይላል!» አለ አንዱ ከኋላ። ሁሉም ሳቁ። እዝራ አልሳቀም።

«የተጠበሰበት ዘይትም ያው ነዳጅ ይሆናል» አላት በሹክሹክታ። «ሞተሩ ሠራ አይደል? በናትሽ፣ ዝም በይ።»

ዳኛዋ ወደ ሀጀር ዞሩ። «ጎበዞች! ለዚህ ሁሉ ስንት ጠርሙስ አልጌ ፈጀባችሁ?»

እዝራ ጫማውን እያየ ነው።

ሀጀር ቦርሳዋን ከፍታ ብልቃጧን አወጣችና ከትልቁ ጠርሙስ አጠገብ አኖረቻት። ከዚያ እስክሪብቶ አንስታ ወረቀቱ ላይ «መቶ በመቶ» የሚለውን ሰረዘች።

የቀረውን እሱ እንዲጽፍ እስክሪብቶውን ለእዝራ ዘረጋችለት። እጇን ሳታጥፍ ጠበቀችው።