በተሳቢው ጎማ ላይ የደረቀው ደም

ወንዳወቅ ጭንቅላቱ በጀልባው ተሳቢ ሥር ደቅቆ በተገኘበት ጠዋት፣ ሰቆጣ ገዳዩን ለማወቅ ፖሊስ አላስፈለጋትም። ወሬው ከአምቡላንሱ ቀድሞ ደርሷል። «በያጁ ነው! እሱ የበየደው የተሳቢው እግር ተሰብሮ ነው!» ኢንስፔክተር ምስራቅ የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ግቢ ስትገባ፣ ተሳቢውን የሠራው ሚፍታሕ ከአስከሬኑ አጠገብ ተዘርሯል። ጎረምሶች በእርግጫ ይቀጠቅጡታል። የሟቹ ታናሽ ወንድም አሳምነው የሚፍታሕን ቀኝ እጅ በጫማው ረግጦ ብረት አንስቷል።

«ጣለው!» አለች ምስራቅ።

«ወንድሜን ገድሎብኛል!»

«ጣለው አልኩህ!» ሽጉጧን ወደ ሰማይ ተኮሰች። ጎረምሶቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። ብረቱ ግን ከጥይቱ ቀድሞ አርፎ ነበር። ሚፍታሕ ጣቶቹ ሲደቁ ያወጣው ጩኸት እስከ ገበያው ተሰማ።

ነገሩ እኮ በደስታ የተጀመረ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወንዳወቅ ባለ ሞተር ጀልባ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አስመጣ። ከሰቆጣ ጽጽቃን አልፎ እስከ ተከዜ ሐይቅ ለመውሰድ ግን መኪና የሚጎትተው ተሳቢ ያስፈልጋል። ሚፍታሕ ሠራ፤ የማኅበሩ ሹፌር ካሤ ሊጎትት ተዘጋጀ። በሁዳዴ ዓሣ ስለሚፈለግ ጾሙ ሳይፈታ ጀልባው ውኃ መግባት ነበረበት። ጉዞው ዛሬ ነበር።

ከውጭ ሕዝቡ በሩን ይደበድባል፤ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንኛም በአማርኛም ይሳደባል። አንዱ ቤንዚን በጀሪካን ይዞ «የበያጁን ጋራዥ አንድደን እሱንም እንጨምረው!» እያለ ይፎክራል። በዚህ መሐል ሚፍታሕን ወደ ጣቢያ ማውጣት ለጅብ አውጥቶ መስጠት ነው። ምስራቅ መጋዘን ውስጥ አስገብታ ሁለት ፖሊሶች አቆመችበት። እዚያው ቆማ የምታለቅሰው ሚስቱ ሰልማ የምስራቅን ነጠላ ያዘች።

«ኢንስፔክተር፣ በአላህ ይሁንብዎ! ይገድሉታል!»

«ካልገደለ አይገድሉትም» አለች ምስራቅ። ደፍራ ተናገረች እንጂ በሩ ምን ያህል እንደሚቆይ እሷም አታውቅም።

መጀመሪያ አስከሬኑን አየች። ወንዳወቅ ከተሳቢው ፊት፣ ከመኪና ጋር ከሚገናኘው አንገት ሥር በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱ ላይ ያለው ቁስል ጠባብና ጥልቅ ነው። የተሳቢው አንገት ግን ሰፊ ብረት ነው። አንገቱን ደግፎ ያቆመው እግር ታጥፎ ወድቋል። ምስራቅ ተንበርክካ ብየዳውን በጣቷ ዳሰሰችው። ቀጥሎ ወደ ኋላ ዞረች፤ ከሞተሩ በታች ጎማው ላይ ደም አለ። ታጥቧል፤ በጎማው ጥርስ መሐል የገባው ግን ደርቆ ቀርቷል።

አሳምነውን ጠራችው። «መጀመሪያ ያገኘኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ብረቱ ጭንቅላቱ ላይ ተኝቶበት ነበር። አንስቼ ወረወርኩት!»

«ማን አገዘህ?»

«የማን እገዛ? በአንድ እጄ ነው ብድግ ያደረግኩት! የሰው ወንድም ሞቶ ስለ እገዛ ትጠይቂኛለሽ?»

«እጠይቃለሁ» አለችው።

ካሤ ጥርሱ በጫት የበለዘ፣ ወሬው የማያልቅ ሰው ነው። ሳይጠየቅ ጀመረ።

«እመቤቴ፣ እኔ ቤቴ ተኝቼ ነው ጩኸት የሰማሁት። እኔና ወንዳወቅ ትናንት ነው ጭነቱን የጨረስነው። ጀልባውን በዊንች ገመዱን እየጠቀለልን ከፊት ያለውን መቆሚያ እስኪነካ ሳብነው፤ አሰርነው፤ ተለያየን።»

«መቆሚያውን ባይነካስ?»

«ኧረ ጉድ ይፈላል! ሞተሩ ኋላ ነው ያለው፤ ከባድ ነው። ጀልባው ወደ ኋላ ከቀረ የተሳቢው አንገት ክብደቱን ያጣል፤ መንገድ ላይ እንደ እባብ ያጥመለምልሃል። ይሄን የማያውቅ ሹፌር አለ?»

«ጎማው ላይ ያለው ደምስ?»

ካሤ ዓይኑን ሰበረ፤ ግን ወዲያው ፈገግ አለ። «የበግ ነው። ለአዲስ መኪና ደም ይፈስስ የለ? ወንዳወቅ ለተሳቢው ብሎ የገዛውን በግ ትናንት እዚሁ አርደን ጎማውን ቀባነው።»

«ሥጋውስ?»

«ለነዳያን አደልነው።»

«እግዜር ይቀበላችሁ» አለች ምስራቅ፤ ሌላም አልጠየቀችው።

የሟቹ ሚስት እማዋይሽ ፊቷን ቧጭራ ደም በደም ሆናለች። ምስራቅ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ለተሳቢው የተገዛው በግ የት ነው?»

«ቤታችን ጓሮ ታስሯል። ለፋሲካ ይታረዳል ብሎ ነው። እንኳን ሊያርድ፣ ጾም ገብቶ ወተት ያለበትን ጣሳ አይነካም ነበር!»

«ሰሞኑን የከነከነው ነገር ነበር?»

«እንቅልፍ የለውም። ዛሬ በጠዋት ሲወጣ ‹ጭነቱን እንደጨረስን ለእትዬ ወለተሥላሴ እውነቱን እነግራታለሁ› አለኝ። ልጇ ምሳው ባለፈው ዓመት ተከዜ ላይ ካሤ ከሚነዳው ጀልባ ወድቆ ነው የሞተው። የምን እውነት እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ምስራቅ ፖሊስ ወደ ጓሮው ላከች። ምስክር እንዲሆኑም የከተማውን ሽማግሌዎች ከደጅ አስገባች። እማዋይሽ፣ አሳምነውና ካሤ ተሳቢውን ከበው ቆሙ። ሚፍታሕም ሰልማ ደግፋው ወጣ፤ የደቀቀ እጁ በሻርፗ ተጠቅልሏል።

«አሳምነው፣ እንደ ጠዋቱ አንሳው» አለች ምስራቅ።

አሳምነው በአንድ እጁ አንገቱን ብድግ አደረገው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ምስራቅ ወደ እነሱ ዞረች።

«በአንድ እጅ የሚነሳ ብረት ነው እንግዲህ የሰው ጭንቅላት አድቅቋል የተባለው! ለምን ቀለለ? ጀልባው ኋላ ስለቀረ። እዩት፣ መቆሚያውን አልነካም፤ ሞተሩ አንገቱን ወደ ላይ ያነሳዋል። ካሤ፣ ትናንት ጨረስን ያልከኝ ይሄን ነው? ራስህ ነህ እኮ ያስተማርከኝ!»

«ምናልባት ማታ... ሸርተት ብሎ...»

«ማሰሪያው ተወጥሮ ነው ያለው፤ አልሸሸም። ስላልጨረሳችሁ ነው። ወንዳወቅ ዛሬ ጠዋት ጭነቱን ሊጨርስ ነው የመጣው፤ ለሚስቱ ‹እንደጨረስን› ብሎ ነው የወጣው፤ አንተም አብረኸው ነበርክ።» ወደ ተሳቢው እግር ጠቆመች። «ብየዳው ይኸው፣ ድፍን ነው። የታጠፈው ከብየዳው በላይ ነው፤ የመዶሻ ምልክትም አለበት። ሰውየው ኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ተመታ፤ ወደ ፊት ተጎተተ፤ የተሳቢው እግር በመዶሻ ታጠፈ፤ ቀላሉ ብረት ማጅራቱ ላይ ተጋደመ። ሚፍታሕ እንዲሰቀልበት!»

«ደሙ የበግ ነው አልኩ እኮ!»

ያኔ ፖሊሱ ከወንዳወቅ ጓሮ በጉን እየጎተተ ገባ። ወፍራም ሙክት ነው፤ እየጮኸ ገመዱን ይታገላል።

«ያረድከው በግ ይኸውልህ፤ ነፍስ ዘርቶ መጣ!» አለች ምስራቅ። «ከዋሸህ አይቀር ቀን መርጠህ አትዋሽም? ወንዳወቅን የሚያህል ጿሚ በሁዳዴ በግ ሲያርድ! ሥጋውን ለነዳያን ሰጠን አልክ። ክርስቲያኑ ጾም ላይ ነው፤ ሙስሊሙ ያንተን እርድ አይበላም። የተቀበለህን አንድ ለማኝ አምጣልኝ። አንተ ጾም ስለማታውቅ ሰቆጣ ሁሉ የረሳ መሰለህ!»

ካሤ ተሳቢውን ሊጎትት ከቆመው ፒክአፕ ላይ የጎማ መፍቻውን መንጭቆ ወደ ጭንቅላቷ ሰነዘረ። ጎንበስ ስትል ብረቱ ትከሻዋን ላጥ አድርጎት አለፈ። ሁለተኛውን ሳይሰነዝር አሳምነው አነቀው። ሁለቱም ወደቁ፤ የካሤ ፊት ከተሳቢው ጠርዝ ጋር ሲላተም አፍንጫው ተሰበረ። ምስራቅና ፖሊሶቹ የአሳምነውን ጣቶች ከጉሮሮው ላይ አንድ በአንድ ነበር ያላቀቁት፤ ካሤም በካቴና ታሰረ።

«ሰክሬ ነበር!» አለ ካሤ ደም እየተፋ። «ያ ልጅ፣ ምሳው፣ ከጀልባ አልወደቀም፤ ውኃ ውስጥ ሳለ ሰክሬ ጀልባውን ሳዞርበት ሞተሩ ቆረጠው። ወንዳወቅ ዓመት ሙሉ ዝም ብሎልኝ ‹ዛሬ ለእናቱ እነግራለሁ› አለኝ። ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ማሰሪያውን ማጥበቅ ጀመረ።»

እማዋይሽ እሪ አለች። ሽማግሌዎቹ ወጥተው ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ጩኸቱ ቀስ በቀስ በረደ። ጀሪካኑን የያዘው ሰው ጀሪካኑን ጥሎ ተሰወረ።

አሳምነው ሚፍታሕ ፊት ተንበረከከ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። አላወቅሁም። ንዴት ነው።»

ሚፍታሕ ሻርፑን ፈታው። ጣቶቹ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞረው አብጠዋል። ሰልማ ፊቷን አዞረች።

«በዚህ እጅ ነው ልጆቼን የማበላው» አለ። ተጎድቶ ባበጠ ከንፈሩ ቃላቱ ተንተባትበው ነው የወጡት። «ኢንስፔክተር፣ ወንዳወቅን ማን እንደመታው አገኙ። እኔን ማን እንደመታኝስ አይመረምሩም?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በእርቅ ይለቅ እንጂ...» ብሎ ሊጀምር ሲል፣ ምስራቅ ሁለተኛውን ካቴና ከወገቧ ፈታች። አሳምነው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሁለት እጆቹን ዘረጋላት።